ለቆላ መንገድ መኪና በግቢ ሲሠራ

በነገሌ ቦረና ለሕዝብ የቀረበ ትምህርታዊ ንግግር



ዛሬ የምንነጋገረው በግቢ ውስጥ፣ በራስ እጅና በራስ ገንዘብ፣ መንገድ በሌለበት የሚሄድ መኪና ስለ መሥራት ነው። ሥራው ለማናችንም እንግዳ አይደለም። አንድ ሰው ያረጀ ላንድክሩዘር ወይም ላንድሮቨር ይገዛል፤ ቦዲውን አውርዶ ሻንሲውን ያጥባል፤ ሞተሩ ካለቀ ከሌላ መኪና ያመጣል፤ ባሌስትራ ይደርባል፤ ከኋላ በቱቦላሬና በላሜራ የጭነት ሳጥን ያስበይዳል፤ ጎማውን በትልቅ ይቀይራል። ከዚያ በኋላ ውሃ ይጭንበታል፣ ፍየል ይጭንበታል፣ ምጥ የያዛትን እናት ይዞበት ወደ ሆስፒታል ይሮጣል። ይህን ሥራ እንደ ትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ የሚያዩት አሉ። እኔ ግን የዚህን አካባቢ ኑሮ ከተሸከሙት ሙያዎች አንዱ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ስለዚህም በእውቀት ሊደገፍ ይገባዋል።

የማምንበትን ከመነሻው ልናገር። እዚህ አገር ጥሩ መኪና የሚባለው፣ ከከተማ ርቆ ሲበላሽ አላፊ ሹፌር በያዘው መፍቻና በአካባቢው በሚገኝ ብረት ጠግኖ ሊያስነሳው የሚችል ነው። ሠሪው ከዚህ ሐሳብ ሲነሳ ምን መጨመር እንዳለበት ያውቃል፤ ከዚያም በላይ ምን መንካት እንደሌለበት ያውቃል።

ነገሌ ከባሕር ጠለል በላይ 1,475 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት፤ ከአዲስ አበባ በሻሸመኔና በአዶላ በኩል ወደ 600 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ከእኛ ወዲያና ወዲህ ገናሌና ዳዋ እየወረዱ ዶሎ አጠገብ ተገናኝተው ጁባን ይሠራሉ። በሁለቱ ወንዞች መካከል ያለውን የሊበንን ምድር በመኪና የሚያውቀው ሰው ሁለት ዓይነት አገር ያውቃል። ዝናቡ በዓመት ሁለት ጊዜ ይመጣል፤ ዋናው ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ አጭሩ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ኅዳር። በደረቁ ወራት ቀዩ አፈር ልሞ ጎማውን እስከ ቸርኬው ይውጠዋል፤ አቧራው የአየር ማጣሪያውን ይደፍነዋል። ዝናብ በጣለ ማግስት ደግሞ ጥቁሩ ኮትቻ ጎማው ላይ እየተጠመጠመ ከፓራፋንጎው ጋር ያጣብቀዋል፤ ጠዋት በደረቁ የተሻገራችሁት ወንዝ ማታ ስትመለሱ ሞልቶ ይጠብቃችኋል። አንድ መኪና ለሁለቱም መዘጋጀት አለበት። አስቸጋሪነቱም እዚህ ላይ ነው፤ ለአሸዋ የሚበጀው ሁሉ ለጭቃ አይበጅም።

ይህ መንገድ ሞተር ያየው ቀደም ብሎ ነው። በጥር ወር 1928 ዓ.ም. የጣሊያኑ ጄኔራል ግራዚያኒ ከዶሎ ተነስቶ ወደ ነገሌ ሲገሠግሥ ጦሩ በካሚዮን የሚጓዝ ነበር፤ ከላይም አውሮፕላን ያግዘው ነበር። ራስ ደስታ ዳምጠው የመሩት የእኛ ጦር ግን አብዛኛው በእግሩ ነው የዘመተው። በታሪክ የገናሌ ዶርያ ውጊያ የሚባለው ያ ጦርነት በጥምቀት ሰሞን ሲያበቃ ነገሌ ተያዘች። ጀግንነት አልጎደለም። በዚያ ሙቀትና በዚያ ርቀት ውሃና ስንቅ ከኋላ እየተከተለ የሚያደርስ ግን አልነበረም።

ሠላሳ ስምንት ዓመት ቆይቶ፣ ጥር 4 ቀን 1966 ዓ.ም.፣ እዚሁ ነገሌ የሰፈረው ብርጌድ አመፀ። ከምክንያቶቹ አንዱ የወታደሮቹ የውሃ ፓምፕ መበላሸቱና መኮንኖቹ ከራሳቸው ውሃ ወታደሮቹ እንዳይቀዱ መከልከላቸው ነበር። ነገሩን እንዲያዩ ከአዲስ አበባ የተላኩት ሌተና ጄኔራል ድረሴ ዱባለ በወታደሩ ተይዘው፣ ወታደሩ የሚበላውን እንዲበሉ፣ የሚጠጣውንም እንዲጠጡ ተደረጉ። የ1966ቱ አብዮት ታሪክ ሲጻፍ ብዙ ጊዜ የሚጀመረው ከዚህች ከተማ ነው። ይህን የማነሳው የፊት ወንበር ለያዛችሁት የቴክኒክና ሙያ ተማሪዎች ነው። መለዋወጫ በራቀበት አገር የአንድ ማሽን መቆም የአንድ ባለ ሙያ ጉዳይ ሆኖ አይቀርም፤ የሰው ውሃ፣ የሰው ሕይወት ይይዛል።

ዛሬም ነገሩ ያው ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ያገለገሉ መኪናዎችን ከውጭ ማስገባት እጅግ አስወድዶታል። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መንግሥት መከልከሉን አስታወቀ። በኤሌክትሪክ የሚሄደው መኪና ለከተማ ሰው መልካም ነው፤ መብራት በሌለበት የግጦሽ መሬት ውስጥ የሚሠራው ግን አሁን በእጃችን ያለው አሮጌ ናፍጣ መኪና ነው። ገና ብዙ ዓመት ማገልገል አለበት። በሕይወት የሚያቆየውም በየግቢው ያለው በያጅና መካኒክ ነው።

በግቢ የተሠራን መኪና የሚንቅ ሰው ካለ ስለ ላንድሮቨር አጀማመር ይስማ። የሮቨር ኩባንያ ዋና መሐንዲስ የነበረው ሞሪስ ዊልክስ፣ በዌልስ በአንግልሲ ደሴት ባለው እርሻው ከጦርነት የተረፈ የአሜሪካ ጂፕ ይነዳ ነበር። ያ ጂፕ ሲያልቅ በምን እንደሚተካው ሲያወጣና ሲያወርድ፣ እኛው ለምን አንሠራውም ወደሚል ሐሳብ መጣ። እ.ኤ.አ. በ1947 የተሠራው የመጀመሪያው ሙከራ የጂፕ ሻንሲ ላይ የተቀመጠ፣ መሪው መሐል ላይ የሆነ ነበር። ያን ጊዜ እንግሊዝ አገር ብረት በራሽን ስለነበረ ቦዲውን ከአሉሚኒየም ቅይጥ አደረጉት። በሚቀጥለው ዓመት፣ በሚያዝያ 1940 ዓ.ም.፣ አምስተርዳም ላይ ለሕዝብ ታየ። የራሽኑ ጣጣ ለእኛ በረከት ሆኖልናል፤ ከሃምሳ ዓመት በላይ የሠራ ላንድሮቨር ቦዲው ዝገት ሳይበላው እናየዋለን። ገዢ ግን በዚህ እንዳይታለል። ቦዲው አይዝግም እንጂ ሻንሲው ብረት ነው፤ ከውስጥ በኩል ተበልቶ ከላይ ሰላም መስሎ ይቆያል። በመዶሻ እያንኳኳችሁ ድምፁን ስሙ፤ ጤነኛ ብረት ጥርት ብሎ ይጮኻል፣ የተበላው ድፍን ያለ ድምፅ ይሰጣል።

በፊሊፒንስ አሜሪካኖች ጥለዋቸው ከሄዱት ጂፖች ሕዝብ የሚያመላልስ ጂፕኒ ተፈጠረ፤ ሻንሲው ረዝሞ፣ ወንበሩ ግራና ቀኝ ሆኖ፣ ለብዙ አሥርት ዓመታት የማኒላን ሰው አጓጓዘ። በእኛም አገር በአይሱዙ የጭነት መኪና ሻንሲ ላይ እዚሁ አገር ውስጥ ቦዲ እየተሠራለት የሚሄደውን ቅጥቅጥ ያልተሳፈረበት በዚህ አዳራሽ ያለ አይመስለኝም። እጁ ያለው ሰው አገራችን ውስጥ ሞልቷል። የጎደለው የእጁን ሥራ በቁጥር የሚፈትሽበት ልማድ ነው።

እንግዲህ ወደ ብረቱ እንግባ። ረዘም አድርጌ የምናገረው ስለ ሻንሲ ነው፤ ሌላው ሁሉ በእርሱ ላይ ይቆማል።

የላንድሮቨርም የላንድክሩዘርም ሻንሲ ሁለት ረጃጅም የጎን ብረቶች በመስቀለኛ ብረቶች የተያያዙበት ነው። መኪናው አንዱን ጎማ ጉድጓድ፣ ሌላውን ድንጋይ ላይ ሲያደርግ ይህ ብረት በትንሹ ይጠማዘዛል፤ የተሠራውም እንዲጠማዘዝ ነው። ቦዲውን አውርዳችሁ ሻንሲው ባዶውን ሲቀር በሽቦ ብሩሽ እስከ ነጭ ብረቱ ፈትጉት። ከዚያ ስንጥቅ የሚጀምርባቸውን ቦታዎች ፈልጉ። የባሌስትራው ብራኬት የተያዘበት አካባቢ አንዱ ነው፤ የመሪው ሳጥን የታሰረበት ሌላው ነው፤ መስቀለኛው ብረት ከጎን ብረቱ ጋር የሚገጥምበት ጥግ ደግሞ አለ። ነጭ ጋዝ በጨርቅ ነክራችሁ እነዚህን ቦታዎች ቀቡና ግማሽ ሰዓት ያህል ተዉት። ቀጥሎ በደረቅ ጨርቅ ጥርግ አድርጉትና የተፈጨ ጠመኔ በስሱ አልብሱት። ስንጥቅ ካለ፣ ውስጡ ሰርጎ የገባው ጋዝ ተመልሶ እየወጣ ነጩ ጠመኔ ላይ ጠቆር ያለ መስመር ያወጣል። መጀመሪያ ምንም አይታይም፤ ጥቂት ስትቆዩ መስመሩ ከአንድ የቡሎን ቀዳዳ ተነስቶ ወደ ታች ሲወርድ ታዩታላችሁ። ዓይን ያመለጠውን፣ እጅም ዳስሶ ያላገኘውን፣ አንድ ፍሬ ጠመኔና አንድ ጠርሙስ ጋዝ ያወጡታል። ተማሪዎች፣ ከዛሬው ንግግር አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ይህን ያዙ።

የተገኘውን ስንጥቅ ከላይ ከላይ በብየዳ መሸፈን ጥገና አይደለም። መስመሩ ያለቀበት ጫፍ ላይ ትንሽ ቀዳዳ በድሪል ብሱ፤ ስንጥቁ እንዳይቀጥል የሚያቆመው እርሱ ነው። ከዚያ መስመሩን በግራይንደር ቦይ አውጡለትና ብየዳው እስከ ውስጥ ይግባ። ኤሌክትሮዱ 7018 ቢሆን ይመረጣል፤ ነገር ግን እርጥበት የጠጣ 7018 ጥቅሙን ያጣል፤ ከካርቶኑ ወጥቶ የከረመ ከሆነ በምድጃ ላይ በደንብ አድርቁት። ማጠናከሪያ ላሜራ የምትደርቡ ከሆነ አራት ማዕዘን አድርጋችሁ አትቁረጡት። ጫፎቹ ሾለው እንዲወጡ ቁረጡት፤ ቀጥ ብሎ ሻንሲውን የሚያቋርጥ የብየዳ መስመር ቀጣዩ ስንጥቅ የሚወለድበት ቦታ ነው። የጎን ብረቱን የላይኛውንና የታችኛውን ጠርዝም ለቡሎን ብላችሁ አትብሱ። ጭነት ሲያርፍበት በጣም የሚሳበውና የሚጨመቀው ጠርዙ ነው፤ መሐሉ ብዙ አይቸገርም፤ መብሳት ግድ ከሆነ መሐሉን ብሱ። ብየዳ ከመጀመራችሁ በፊት የባትሪውንና የዲናሞውን ገመድ መፍታት አትርሱ።

ባሌስትራን በተመለከተ አጥብቄ የምናገረው ነገር አለኝ፦ ባሌስትራ አይበየድም። ብረቱ ታጥፎ እንዲመለስ ተብሎ በሙቀት የጠነከረ ነው። የብየዳ እሳት ሲነካው ያ ጥንካሬ እዚያው ቦታ ላይ ይጠፋል፤ ከጎኑም በጣም ደርቆ እንደ ሸክላ የሚሰበር ክፍል ይፈጠራል። የተበየደ ባሌስትራ ከተማ ውስጥ ይሄድ ይሆናል፤ ገደል አፋፍ ላይ ግን አይታመንም። ሰባራውን ለአንጥረኛ ስጡት፤ ቢላዋ፣ መጥረቢያ፣ ዶማ ያወጣበታል፣ አንጥረኞቻችንም ዋጋውን ከእኛ ቀድመው አውቀውታል። እናንተ ከሌላ መኪና የወጣ ደህና ባሌስትራ ፈልጋችሁ በልኩ አስቆርጡ፤ ሲቆረጥም በእሳት ሳይሆን በድንጋይ ዲስክ ይቆረጥ።

አንድ ተማሪ “ጋሼ፣ ባሌስትራ ከደረብን መኪናው ብዙ መጫን ይችላል አይደል?” ብሎ ጠይቆኛል። ጥያቄው የብዙ ሰው ነው። የተደረበው ባሌስትራ ሲጫን የነበረውን መጎንበስ ይቀንሳል፤ ዓይንም “ቻለው” ይላል። አክስሉ ግን ያው ነው፣ ኩሽኔታው ያው ነው፣ ፍሬኑ ያው ነው፣ ሻንሲውም ያው ነው። ከዚህ የከፋው ደግሞ ባሌስትራው እየጠነከረ በሄደ ቁጥር የመንገዱ ምት ሳይለዝብ ወደ ሻንሲው መድረሱ ነው። ግመል ከአቅሙ በላይ ሲጭኑት አልነሳም ይላል፤ መኪና ግን ይነሳል፣ ይሄዳልም፣ የሚሰበረው ሰው በሌለበት ሜዳ ላይ ነው። ስለዚህ ክብደቱን እኛ እንቁጠርለት።

ቆጠራው ቀላል ነው። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ነው። ባለ 200 ሊትር በርሜል ሲሞላ ከነበርሜሉ ከ215 ኪሎ በላይ ይሆናል። አምስት በርሜል ከጫናችሁ ቶኑን አልፋችኋል። ይህ የፒክአፑ ላንድክሩዘር ፋብሪካው ከሰጠው የጭነት ልክ ጋር የሚተካከል ነው፤ ሹፌሩ፣ ረዳቱ፣ የደረባችሁት ብረት፣ ሁለቱ ስኮርት ጎማዎችና የመጠባበቂያ ናፍጣው ገና አልተቆጠሩም። በግቢ ስትሠሩ የጨመራችሁት እያንዳንዱ ኪሎ ብረት ከምትጭኑት ውሃ ላይ የሚቀነስ ነው። ለመልክ ተብሎ ከፊት የሚበየደውን የወፍራም ቱቦ ፓራውልት ሳይ ሁልጊዜ የማስበው ይህን ነው፤ የአንድ ቤተሰብ የቀን ውሃ እዚያ ላይ ተንጠልጥሏል። ደግሞም ክብደቱ የፊት ባሌስትራውን ይጫናል፤ ከጭቃ ለመውጣትም ያከብዳል።

የውሃ ታንክ የምትበይዱ ሰዎች በተለይ ስሙኝ። በድርቅ ጊዜ ቦረና ውስጥ ውሃ በመኪና ማዳረስ ምን ማለት እንደሆነ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። የሞላ ታንክ ጥሩ ጭነት ነው። ግማሽ የቀረ ታንክ ግን አደገኛ ነው፤ መኪናው ሲታጠፍ ውሃው ወደ ውጭ ይተኛል፣ ሹፌሩ ፍሬን ሲይዝ ወደ ፊት ይገፋል፣ መኪናው ሲቆም መልሶ ወደ ኋላ ይመታል። መፍትሔው ታንኩን ከውስጥ ቀዳዳ ባላቸው ላሜራዎች መከፋፈል ነው። ውሃው በቀዳዳዎቹ ቀስ እያለ ይተላለፋል እንጂ በአንድ ጊዜ አይዘልም። አንድ ሰው ገብቶ ሊያጥበው የሚችልበት ክዳንም ይኑረው፤ የሚጠጣው ሰው ነውና። ታንኩን ሻንሲው ላይ ድርቅ አድርጋችሁ አትበይዱት፤ ሻንሲው ሲጠማዘዝ ታንኩ አልጠማዘዝም ስለሚል አንዱ ይቀደዳል። ከሥሩ ወፍራም ጎማ ወይም ጠንካራ እንጨት አንጥፋችሁ በቡሎን እሰሩት፤ የፊቱ እስር በጥቂቱ እንቅስቃሴ የሚፈቅድ ይሁን።

ስለ ቁመት ደግሞ። መኪናውን ከፍ ማድረግ ሁሉም የሚወደው ነገር ነው፤ ድንጋይ አይነካውም፣ ወንዝ አይደርስበትም፣ ያምራልም። ዋጋውን ግን በወረቀት እንየው። የግራና የቀኝ ጎማዎች በ1 ሜትር ከ50 ተራርቀዋል እንበል፤ ግማሹ 75 ሴንቲ ሜትር ነው። የመኪናው የክብደት ማዕከል ከመሬት 90 ሴንቲ ሜትር ላይ ከሆነ፣ መኪናው ቆሞ ሳለ ወደ ጎን ለመገልበጥ 40 ዲግሪ ያህል ማዘንበል አለበት። ባሌስትራ ደርባችሁ፣ ጎማ አሳድጋችሁ፣ ፖርታ መጋላው ላይ ጭነት አውጥታችሁ ማዕከሉን ወደ 1 ሜትር ከ30 ብታደርሱት ግን 30 ዲግሪ ላይ ይገለበጣል። ይህ የቆመ መኪና ሒሳብ ነው። የሚሄድ፣ የሚታጠፍ፣ ጭነቱ የሚንቀሳቀስ መኪና ከዚያም ቀድሞ ይወድቃል። በሬ ወይም ግመል የጫነ ደግሞ ጭነቱ በራሱ እግር የሚቆምና የሚደነግጥ ፍጡር መሆኑን አይርሳ። ስለዚህ እባካችሁ ከባዱ ነገር ሁሉ ታች ይሁን፤ የናፍጣው መጠባበቂያ፣ መፍቻው፣ ክሪኩ፣ ባትሪው። በጭነት ላይ ሰው ማሳፈርን በተመለከተ ሹፌሮቻችን በየመንገዱ ያዩትን ያውቃሉ፤ እኔ ከምናገረው በላይ ያውቃሉ። መኪና የምትሠሩ ሰዎች ግን ኃላፊነቱ ለሹፌሩ ብቻ የሚተው አይደለም። ሰው እንደሚሳፈርበት እያወቃችሁ የምትሠሩት ከሆነ ወንበር አድርጉለት፣ መከታ አድርጉለት፣ መያዣ አድርጉለት፤ ሲገለበጥ የሚሸከመውን የብረት ቅስት ደግሞ በላሜራው ላይ ሳይሆን በሻንሲው ላይ እሰሩት።

የወንዝ መሻገር ነገር ለብዙዎች የአየር ማስገቢያውን ቱቦ ወደ ላይ በማውጣት ያለቀ ይመስላቸዋል። ቱቦው መልካም ነው፤ በደረቁም ወራት ከፍ ካለው ቦታ የሚሳበው አየር አቧራው ያነሰ ስለሆነ ማጣሪያው ይቆያል። ሞተር ውሃ ከሳበ ውሃ አይጨመቅምና ፒስተኑ ሲመጣ የሚታጠፈው ብረት ይሆናል። ነገር ግን ከዚህ ይልቅ በየጊዜው የሚያጋጥመው ሌላ ነው። መኪናው ሰዓታት ተጉዞ ዲፈረንሻሉ ግሎ ሳለ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ሲገባ ውስጡ ያለው አየር በድንገት ይቀዘቅዛል፣ ይሰበሰባል፣ በመተንፈሻውና በዘይት ማኅተሙ በኩል ውሃ ይስባል። ከዚያ ዘይቱ ወተት መስሎ ይነጣል። ሹፌሩ ምንም ሳያውቅ ሳምንታት ይነዳል፤ አንድ ቀን ዲፈረንሻሉ ይጮኻል። መከላከያው ርካሽ ነው፤ የአክስሉ መተንፈሻ ላይ ረጅም የጎማ ቱቦ ሰክታችሁ እስከ ኮፋኖው ከፍታ አውጡት፤ የማርሽ ሳጥኑንም እንዲሁ። ወንዝ ከተሻገራችሁ በኋላ ደግሞ የዲፈረንሻሉን የታች ቡሎን ላላ አድርጋችሁ መጀመሪያ የሚንጠባጠበውን እዩ፤ ውሃ ከዘይት ስለሚከብድ ቀድሞ የሚወጣው እርሱ ነው።

በሙቀት አገር የሚበዛ አንድ ልማድም አለ፤ ሞተሩ እንዳይግል ብሎ ተርሞስታቱን አውጥቶ መጣል። ጠዋት ሞተሩ ሳይሞቅ ይሠራል፣ ናፍጣ ይበላል፣ ሲሊንደሩ ቶሎ ያልቃል። የሚግል ሞተር የሚግለው ራዲያተሩ ስለተደፈነ፣ የማራገቢያው ዙሪያ ሽፋን ስለጠፋ ወይም ቀበቶው ስለላላ ነው። ምክንያቱን ፈልጉ።

ሞተር መቀየርን በተመለከተ በአጭሩ ልናገር። ከእኔ በኩል ያለው ምክር ከተማው ውስጥ በብዛት ያለውን ሞተር ምረጡ ነው። የላንድክሩዘሩ ባለ ስድስት ሲሊንደር ዋን ኤችዜድ፣ 4.2 ሊትር፣ እ.ኤ.አ. ከ1990 ጀምሮ የሚሠራ ሲሆን ኮምፒውተር ሳያሻው በመካኒክ ጆሮ የሚስተካከል ነው። ኃይሉ ትልቅ አይባልም። ዕቃው ግን ከአዶላም ከያቤሎም ከሞያሌም ይገኛል፣ የማያውቀው መካኒክም የለም። ከዚህ የበለጠ ጉልበት ያለው፣ ነገር ግን አንዲት ሴንሰር ስትበላሽ አዲስ አበባ የሚያስልክ ሞተር ለዚህ አገር አይሆንም።

ጎማ ላይ ብዙ ሰው ከልክ በላይ ትልቅ ይመርጣል። ለዚህ ዓይነት መኪና የተለመደው 7.50 በ16 ጠባብ ነው ብለው ይተዉታል። ጠባብነቱ ግን ጭቃ ቆርጦ ከሥሩ ያለውን ጠንካራ መሬት እንዲያገኝ ይረዳዋል፤ ጎሚስታውም ሁሉ ያውቀዋል፣ ካላማዳሪውም በየሱቁ አለ። ለአሸዋና ለላመው አፈር ሲባል ጎማ ከመቀየር ነፋስ መቀነስ ይሻላል፤ ወደ 20 ፒኤስአይ ዝቅ ስታደርጉት ጎማው ይረዝማል፣ መሬቱን በሰፊው ይረግጣል፣ መስመጡም ይቀንሳል። ጠንካራ መሬት ላይ ስትደርሱ መልሳችሁ መንፋት ግዴታ ነው፤ ያልተነፋ ጎማ በፍጥነት ሲሮጥ ግሎ ይፈነዳል። ስለዚህ ከባትሪ የሚሠራ ወይም የእግር መንፊያ ሳትይዙ ነፋስ አትቀንሱ። ጎማውን በትልቅ የቀየረ ሰው ደግሞ ሳያውቀው ማርሹን አርዝሟል፣ ፍሬኑንም አድክሟል፤ ትልቁን ጎማ ለማቆም ያው አሮጌው ፍሬን የበለጠ መታገል አለበት።

ፍሬን ላይ አዲስ ነገር አትፍጠሩ። ቱቦውን ከነሐስም ከመዳብም በቤት አታብጁ፤ በልኩ የተሠራውን ግዙ፤ ከድንጋይ ተጠብቆ በሻንሲው ውስጠኛ ጎን ይለፍ። መሪም እንዲሁ። የመሪ ዘንግ አይበየድም፣ አይረዝምም፣ አይጎብጥም። በግቢ የሚሠራ ሰው እጁ የማይገባባቸው ሁለት ቦታዎች ቢኖሩ ፍሬንና መሪ ናቸው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ወረቀቱ አለ። በአዋጅ ቁጥር 681/2002 መሠረት ተሽከርካሪ ተለይቶ፣ ተመርምሮ፣ ተመዝግቦ ነው መንገድ የሚወጣው። ሞተር ወይም ቦዲ ስትቀይሩ ሥራውን ከመጀመራችሁ በፊት ወደ ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤቱ ሂዱ፤ የሞተሩን ግዢ ሰነድና የሻንሲ ቁጥሩን ያዙ። ቁጥሩ የተመታበትን ቦታ በግራይንደር እንዳትነኩት፣ በቀለምም እንዳትደፍኑት ተጠንቀቁ። ቁጥሩ የጠፋበት መኪና ባለቤቱ ቢያስረዳም የተሰረቀ ይመስላል። ወረቀቱን መጨረሻ ላይ እናስተካክላለን የሚሉ ሰዎች መኪናቸው ግቢ ውስጥ ቆሞ ቦሎ ሳያገኝ ሲከርም አይቻለሁ፤ አሳዛኝ ነገር ነው፤ ሙያው ጥሩ ሆኖ ሳለ።

መኪናው ተሠርቶ ሲያልቅ ወዲያው ውሃ ጭናችሁ ወደ ሩቅ አትውጡ። መጀመሪያ ባዶውን፣ ከከተማ ሳትርቁ፣ ሜዳ ላይ በዝግታ ፍሬን እየያዛችሁ ወደ የት እንደሚጎትት እዩ። ከዚያ ግማሽ ጭነት፣ ቀጥሎ ሙሉ ጭነት። በየመመለሻው አራቱንም ቸርኬ በእጅ ዳስሱ፤ አንዱ ከሌሎቹ ይልቅ ካቃጠለ ወይ ፍሬኑ አልለቀቀም ወይ ኩሽኔታው ጠብቋል። ባሌስትራውን ከአክስሉ ጋር ያሰራችሁበት ዩ ቦሎን አዲስ ከሆነ በመጀመሪያዎቹ መቶ ኪሎ ሜትሮች ውስጥ መላላቱ አይቀርም፤ ብረቱ ቦታውን እየያዘ ይሄዳል። ዳዶዎቹን መልሳችሁ አጥብቁ፤ መኪናው ሙሉ ጭነቱን ይዞ መሬት ላይ ቆሞ ሳለ፣ በማዕዘን በማዕዘን እያቀያየራችሁ። ያጠበቃችሁትን ዳዶ ከቡሎኑ ጋር በአንድ የቀለም መስመር አያይዙት፤ በሚቀጥለው ጊዜ ሹፌሩ ጎንበስ ብሎ መስመሩ እንደተያያዘ መሆኑን ካየ ይነዳል፣ ከተለያየ መፍቻውን ያወጣል።